ከክንፉ አጠገብ ወይስ ከጅራቱ?

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ከልደታ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ባደረገ ጊዜ፣ የሲ-47 አውሮፕላኑ መቀመጫዎች በግድግዳው ዳርና ዳር የተዘረጉ አግዳሚዎች ነበሩ። ዛሬ በኢኮኖሚ ክፍል የሚጓዝ ተሳፋሪ ግን ወንበር የመምረጥ ዕድል አለው። ለምርጫው ፊዚክስ ምን ይመክረናል?

መላው አውሮፕላን አንድ ላይ ሲነሣና ሲወርድ ሁላችንም እኩል ይሰማናል። አፍንጫው ከፍ ዝቅ ሲል ግን የሚዞረው በክብደት ማዕከሉ ዙሪያ ሲሆን፣ ማዕከሉም በክንፎቹ አካባቢ ይገኛል። የአንድ መቀመጫ ከፍ ዝቅታ ከማዕከሉ ያለው ርቀት በዙረቱ ማዕዘን (በሬዲያን) ሲባዛ የሚገኘው ነው። ዙረቱ 1 ዲግሪ፣ ማለትም 0.0175 ሬዲያን ቢሆን፣ ከማዕከሉ 2 ሜትር የራቀ ተሳፋሪ 3.5 ሴንቲ ሜትር፣ በጅራቱ በኩል 20 ሜትር የራቀው ግን 35 ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል።

ሁለተኛውና ከምቾት የሚያልፈው ጉዳይ የእግር ነው። በተቀመጠ ሰው ከልብ እስከ ቁርጭምጭሚት 0.8 ሜትር ያህል የሚረዝመው የደም ዓምድ በእግር ደም ሥሮች ላይ ወደ 8 ኪሎ ፓስካል ግፊት ይጨምራል። ስንራመድ የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፤ ለሰዓታት ሳንነቃነቅ ከተቀመጥን ግን እግር ያብጣል፣ ደምም ሊረጋ ይችላል።

እንግዲህ ለረጅም ጉዞ ከክንፉ አጠገብ፣ በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር እንመርጣለን፤ እየተነሣንም እንራመዳለን። አንባብያን 10 ሜትር ለሚርቅ ወንበር ስሌቱን ራሳቸው ይሞክሩት።