የገበሬ ቤተ ሰብ ዓመት፤ ከዘነበወርቅ ጓሮ ሲታይ

በምዕራብ አዲስ አበባ፥ በኮልፌ ቀራንዮ፥ ዘነበወርቅ በሚባለው ሠፈር ያደግን ተማሪዎች ከልጅነታችን አንድ ነገር እናስታውሳለን። ሰኔ ሲገባ የሠፈሩ አረጋውያን የምድጃ ዐመድና የከብት ፍግ እየቀላቀሉ ከቤታቸው ኋላ ያለችውን ቁራጭ መሬት ይቆፍሩ ነበር። ጎመን፥ ድንችና ጥቂት በቆሎ ይተክሉባታል። ጎመኑ ከገበያ በጥቂት ሳንቲም የሚገዛ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል መድከማቸው ስለ ምን ነበር? በዚህ አጭር ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ እንሞክራለን።

ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ኃይለ ሥላሴ ስም ከተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. በዚሁ ሥፍራ ለመላው አፍሪካ እንዲያገለግል የታሰበው የሕክምናና የማሠልጠኛ ማእከል፥ ማለት አለርት፥ ተቋቋመ። ሕክምና ፍለጋ ከየአገሩ ከመጣው ሕዝብ ብዙው ገበሬ ነበር። ድኖም ቢሆን ወደ መንደሩ ያልተመለሰው ጥቂት አይደለም፤ ወገኑ በሽታውን ይፈራ ስለ ነበር ከሆስፒታሉ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ቀረ። መሬቱን ትቶ ቢመጣም የመሬቱን የጊዜ አቆጣጠር ግን አልተወውም። እንግዲህ የጓሮዪቱን ምሥጢር ለመረዳት ያንን ዓመት በየወቅቱ መመርመር ያስፈልጋል።

ባገራችን ልማድ ዓመቱ በ4 ይከፈላል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፥ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፥ በጋ (ሐጋይ) እስከ መጋቢት 25፥ በልግ (ፀደይ) እስከ ሰኔ 25 ነው። የከተማ ልጅ ይህን ከመጽሐፍ ያጠናዋል፤ የገበሬ ልጅ ግን በሆዱ ያውቀዋል።

1ኛ፤ ክረምት። ክረምት የሥራ ሁሉ ራስ ነው። የጤፍ መሬት ሦስት፥ አራት ጊዜ፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታረሳል። የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለ ሆነ በብዙ ቦታ መሬቱ ከመዘራቱ በፊት በከብት ይረገጣል፤ ከብቱን በጭቃ ውስጥ የሚነዱት ልጆች ናቸው። አባት ከሞፈርና ከቀንበር አይለይም። እናት ሕፃን አዝላ ታርማለች፤ ማታ ደግሞ እርጥብ እንጨት እያጨሰባት እራት ትሠራለች።

ነገር ግን ልብ ልንለው የሚገባው ሌላ ነው። ሥራው በሚበዛበት በዚህ ወቅት ጎተራው ባዶ ነው። ያምናው እህል አልቋል፤ የዘንድሮው ገና ቡቃያ ነው። በቤቱ ያለው እህል ለዘር የተቀመጠው ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ልጅ እየራበው እናት ዘሩን ከድና ታስቀምጣለች፤ ዘሩን የበላ ቤት የሚመጣውን ዓመት በልቷልና። ይህን የጨነቀ ጊዜ የሚያሻግረው የጓሮ ጎመን ነው። ጓሮ ለቤት ስለሚቀርብ ዐመዱና ፍጉ አይጎድልበትም፤ ጎመኑም ሌላው ሁሉ ባለቀበት ጊዜ ይደርሳል። ጓሮ የእናት መጠባበቂያ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

2ኛ፤ መፀው። በመስከረም ችቦ ሲለኮስ በአያሌ ቦታ «የጎመን ምንቸት ውጣ፤ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። እኛ ከተሜዎች ይህን እንደ ጨዋታ እንሰማዋለን። ክረምቱን በጎመን ለከረመ ቤት ግን የረኀብ ማብቂያ አዋጅ ነው። ቀጥሎ የባቄላው እሸት ይደርሳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ወንፈልና ደቦ ተጠርቶ ይታጨዳል፤ አውድማ ተለቅልቆ በሬዎች እየዞሩ ያበራዩታል።

በጭሰኛ ቤት ግን የደስታው ቀን የሐዘንም ቀን ነበር፤ የባለ መሬቱ ድርሻ ከምርቱ ይነሣ ስለ ነበር ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው የተሰለፉት ስለዚህ ነው። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው ከ10 ዓመት በኋላ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

3ኛ፤ በጋ። እህል በጎተራ ስላለ ሠርግ በጥር ይሆናል። ጣራ ይከደናል፤ ጥጥ ይፈተላል። እናትና ሴት ልጆች ግን አያርፉም፤ ምንጩ ስለሚሸሽ ውሃ ከሩቅ ይቀዳሉ፤ ለክረምት ማገዶ ኩበት ይጠፈጥፋሉ። ያ ፍግ እርሻውን ማዳበር ሲገባው እሳት ይበላዋል፤ ማገዶ ከጠፋ ግን ምን ይደረግ?

4ኛ፤ በልግ። በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋዎች በበልግ ዝናም ገብስ ይዘራል። በሌላው ቦታ መሬቱ ለክረምት ይገመሳል። በልግ ከቀረ የክረምቱ ረኀብ ቀድሞ ይመጣል።

የተከበራችሁ ጓደኞቻችን፥ ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ገበሬው ባመት ውስጥ የሚያሳስበው የምርቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ምርቱ እስከ መቼ ይዘልቃል የሚለው ነው። ስለ እርሻ መሻሻል ስንነጋገር የአባትን ማረሻ ብቻ አንይ፤ ዘሩን የምትጠብቀውን፥ ጓሮውን የምትኮተኩተውን እናት እንጠይቅ።

ሁለተኛው እኛን ራሳችንን ይመለከታል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው፤ አጨዳው ግን በኅዳርና በታኅሣሥ፥ ትምህርቱ በተፋፋመበት ወራት ነው። የገበሬ ልጅ ክፍል ውስጥ በተቀመጠበት ቀን አንድ እጅ ከማሳው ይጎድላል። ስለዚህ ከገበሬ ቤት ወጥቶ እዚህ የደረሰ ተማሪ ሁሉ፥ ቤቱ አንድ አጫጅ፥ አንድ እረኛ አጥቶ ያስተማረው ነው። በዚያው ምክንያት ከመንገድ የቀረውን የክፍል ጓደኛችንንም ሰነፍ ለማለት አንቸኩል።

ወደ ዘነበወርቅ ጓሮ እንመለስ። አረጋውያኑ ጎመኑን የተከሉት ከገበያ ስለሚረክስ አልነበረም። ክረምት መጥቶ ጓሮ ባዶ ሲሆን ማየት ስላልቻሉ ነው። ከእነርሱ አያሌዎቹ ዛሬ የሉም፤ ጓሮውም ቤት እየተሠራበት ጠቧል። በሕይወት ያሉትን ግን በዚህ ክረምት ዕረፍት ቀርበን እንጠይቃቸው፤ የሚነግሩንንም እንጻፈው።