«የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ላልከኝ

ልጄ፣ ባለፈው በስልክ «ተወው ጋሼ፣ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ብለህ ስትዘጋው ቃል አጣሁ። ካዛንቺስ ፈርሶ ገላን ጉራ ከገባህ ወዲህ መመላለሱ ከብዶህ ትምህርቱን መተውህን አውቃለሁ። መድከምህ አልገረመኝም። ያወጣህለት ስም ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። ያን ጊዜ የዋጥኩትን አሁን ልጻፍልህ።

1. አርባ ቀንህን እኔ አውቀዋለሁ። ቂርቆስ ክርስትና ስትነሣ አጠገብህ ቆሜ ነበር። ካህኑ ውሃውን ሲያፈሱብህ ጩኸትህ ቅጽሩን አልፎ ተሰማ፤ እናትህ በነጠላዋ ጠቅልላ አቀፈችህ። ያን ቀን የተሰጠህ የክርስትና ስምና አንገትህ ላይ የታሰረው ማዕተብ ነው። ከዚያ ሌላ ነገር የጻፈብህ ሰው አላየሁም። ጎረቤታችን የነበሩት ሐጂም ነገር ሁሉ «ነሲብ ነው» ይሉ ነበር፤ ሱቃቸውን ግን ሱብሒ ሰግደው ሲመለሱ አንድ ቀን ሳያዛንፉ ይከፍቱ ነበር።

2. ደጁ ላይ ያደግክበትን ሰማዕት አስብ። ቂርቆስ ሦስት ዓመቱ ነበር። የማን ልጅ እንደሚሆን፣ በየትኛው መኮንን ዘመን እንደሚወለድ አልተጠየቀም። የፈላው ውሃ ፊት ሲቀርቡ እናቱ ኢየሉጣ ፈራች፤ ያጸናት ሕፃኑ ነው። ያ የእሱ ነው። ተጽፎለት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዓሉን ለማን እናከብራለን? ሲራክም በ15ኛው ምዕራፉ ምርጫው ለሰው መተዉን ያስተምራል።

3. ሰው የወሰነውን የእግዜር ጽሕፈት አታድርገው። ከምጽፍልህ ሁሉ ይህን ያዝልኝ።

የሰፈራችንን ስም ራሱን እይ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 አገራችንን በያዘ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ኢንቺስ የሚባል ድርጅት ነበረው። ካዛ ማለት ቤት ነው፤ የኢንቺስ ቤቶች ሲባል ሲባል ካዛንቺስ ሆነ። ባዕድ ቢሮ ውስጥ በተወሰነ ነገር እኛ እስከ ዛሬ «የካዛንቺስ ልጅ ነኝ» እያልን ደረታችንን እንነፋለን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ቀኑ ገብርኤል ቂርቆስንና ኢየሉጣን ከፈላው ውሃ ያወጣበት በዓል ነው። አያትህ የሚያከራዩዋቸው ሁለት ክፍሎች የቀበሌ ቤት ሆኑ፤ ተከራዮቹ ደስ አላቸው፣ አያትህ ማታ እራት አልበሉም። በ2017 መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ የአያትህም የተከራዮቹም ልጆች እኩል ዕቃቸውን ጫኑ።

በሐምሌ 2014 የወጣውን የ25,791 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣም አትርሳ። ከ1997 ጀምረው ተመዝግበው የቆጠቡ ጎረቤቶቻችን እልል ብለው ሳይጨርሱ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ እጅ ገብቶበታል ተብሎ ተሰረዘ። ዕጣ ያልነው ነገር ውስጥ የሰው ጣት ሊኖር እንደሚችል ያኔ አየን።

ደግም ይሁን ክፉ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት ነገር ባለቤት አለው። ይጠየቃል፣ አቤት ይባልበታል፣ ይሻሻላል። «ዕድሌ ነው» ያልክ ለት ግን አቤቱታህን በገዛ እጅህ ቀበርከው።

4. ሰፈሩ ቢበተንም ዕቁባችን አልተበተነም። እሁድ እሁድ ከገላንም ከአራብሳም እየመጣን ቂርቆስ አካባቢ አንዲት ሻይ ቤት እንሰበሰባለን። ጸሐፊው ከደብተር ጠርዝ በቀደደው ወረቀት ስማችንን ይጽፋል፤ ጠቅልሎ ጠቅልሎ የባቄላ ፍሬ ያሳክለዋል፤ ስኒ ውስጥ ከትቶ በመዳፉ ከድኖ ያናውጠዋል። የሻይ ቤቷ ባለቤት ትንሽ ልጅ ዓይኗን ጨፍና አንዱን ታነሣለች። የማን ስም እንደሚወጣ ማንም አያውቅም። ስኒው ውስጥ የሚገባው ግን ሳምንት ሳምንት የጣለ ሰው ስም ብቻ ነው። የቸገረው ሰው ሲኖር ደግሞ ዳኛው ይነሡና «የዛሬውን ለእገሌ ብንሰጠውስ?» ይላሉ። እንስማማለን፤ ያን ቀን ስኒው አይናወጥም። ስለ ዕድልና ስለ ሰው ፈቃድ ስንት ክርክር ሰምቻለሁ፤ ከዚች ስኒ የበለጠ ያስረዳኝ የለም።

5. ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ አትሂድ። እኔ ሄጃለሁ። ወጣት ሳለሁ አሰብ ወርዶ መካኒክነት የሚሠለጥን ሰው ሲፈለግ ተመዘገብኩ። መሄጃዬ ሲቃረብ አንድ ደብተራ ቤት ገባሁ። አውደ ነገሥቱን ገልጦ፣ የእኔንና የእናቴን ስም ፊደል ቆጥሮ፣ በ12 ገድፎ «ኮከብህ ውሃ ዳር አይስማማውም» አለኝ። እፎይ ብዬ ወጣሁ። ያች እፎይታ ናት እስከ ዛሬ የምትቆጨኝ። ፈርቼ ነበር፤ እናቴን ትቼ መሄድ ፈርቼ ነበር። ደብተራው ፍርሃቴን የሰማይ ልብስ አለበሰልኝና ሳላፍር ቀረሁ። አብሮኝ የተመዘገበው ጓደኛዬ ሄደ። ሀብታም አልሆነም፤ በ1983 አንድ ሻንጣ ይዞ ተመለሰ። ስለ አሰብ ሙቀትና ስለ ባሕሩ ሲያወራ ግን እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ።

6. «ሁሉም በእጅህ ነው» የሚሉህንም አትስማቸው። ሌሊት ተነሥቶ፣ ሁለት ታክሲ ተሰልፎ፣ ዘግይቶ ደርሶ በር የተዘጋበትን ልጅ ሰነፍ ማለት ግፍ ነው። አንተ የተውከው አቅም አጥተህ ነው። አቅም ማጣት ግን ይቃለላል፤ ዕድል ያልከው ጊዜ ነው የሚደነድነው።

7. ባለፈው እሁድ ዕቁቡ ለእኔ ደረሰኝ። ስኒው ተናውጦ፣ በሥርዓቱ ነው የወጣው። የማታ ትምህርት ምዝገባው ስንት እንደሆነ ጠይቅና ንገረኝ፤ የታክሲውንም በወር አስልተህ ጨምርበት። አልፈልግም ማለት ትችላለህ፤ አልቀየምህም። በ15 ቂርቆስ ነኝ። ቅዳሴ ሲያልቅ ከበሩ በስተቀኝ፣ እናትህ ትቆምበት ከነበረው ቦታ ታገኘኛለህ። መጥተህ በራስህ አፍ ንገረኝ።