ጎርፍና የወንዝ መውረጃ መለወጥ

ለሠፈራ የሚሆን መሬት ሲጠና ወንዙ ዛሬ የሚፈስበትን ሥፍራ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ጎርፍ በጎደለ ጊዜ ወንዝ ሁሉ ወደ ቀድሞ መውረጃው አይመለስምና። ደለል የበዛበት ወንዝ ሜዳ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ስለሚደክም የተሸከመውን አፈር በገዛ መውረጃው ውስጥ ያራግፋል። ወለሉ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ ይላል፤ ገበሬውም ማሳውን ለማዳን ዳርና ዳሩን በአፈር ክትር ሲያጥረው፣ ወንዙ ውሎ አድሮ ከማሳው በላይ የሚፈስ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ክትሩን የሚሰብር አንድ ኃይለኛ ጎርፍ ይበቃል።

በቻይና በቢጫው ወንዝ የደረሰው ይኸው ነው። ወንዙ ከሻንዶንግ ባሕረ ገብ መሬት በስተደቡብ ወደ ቢጫ ባሕር ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 ግን በሔናን ክፍለ ሀገር ክትሩን ሰብሮ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በመታጠፍ፣ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በቦሃይ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ አበጀ። አዲስ ክትር እስኪሠራለትም ለብዙ ዓመታት በሻንዶንግ ማሳዎች ላይ ተበትኖ ኖረ። በአሮጌው መውረጃ ዳር ለነበሩት የቀረላቸው ከፍ ያለ አሸዋማ ወለል ነው። ወንዙ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1947 ወደ ደቡብ ተመልሶ የነበረ ሲሆን፣ ይህም በጦርነቱ ጊዜ ክትሩን ሆን ብሎ ያፈረሰው ሠራዊት ሥራ እንጂ የጎርፍ አልነበረም።