ስለ ከንፈር መበሳትና ዳግመኛ ስለ ማስበሳት

ሰው ሥጋውን ከፈጣሪው የተቀበለው አደራ ነው እንጂ በገዛ እጁ የሠራው ዕቃ አይደለም። ስለዚህ በሥጋው ላይ የሚያደርገው ነገር፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ከነፍሱ ሥራ ተለይቶ አይቆጠርም። የዚህ ወር ትምህርታችን ትንሽ ከሚመስል ነገር የተነሣ ነው፤ ይኸውም ከንፈርን በስቶ ቀለበት ማድረግና፣ ቀዳዳው በተደፈነ ጊዜ ዳግመኛ ማስበሳት ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም እናትንና ልጅን እስከ መለየት ሲደርስ አይተናልና ልንመረምረው ይገባል።

የቀረበው ጥያቄ

በደቡብ ጎንደር፣ በእብናት ወረዳ የሚያገለግሉ አንድ ካህን ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሚከተለውን ጥያቄ አቀረቡ። ከንስሐ ልጆቻቸው አንዲቱ ወጣት ለሥራ አዲስ አበባ ሄዳ ከቆየች በኋላ፣ ለጥምቀት በዓል ወደ እናቷ ቤት ስትመለስ፣ የታችኛውን ከንፈሯን ተበስታ ትንሽ የብረት ቀለበት አድርጋበት መጣች። ቁስሉ አመርቅዞ ኖሮ ከንፈሯ አብጦ ነበር። እናቲቱም ደንግጣ ቀለበቱን በግድ አውጥታ ጣለችው። ቀዳዳው በጥቂት ቀን ተደፈነ፤ ልጅቱ ግን «አዲስ አበባ ስመለስ መልሼ እበሳዋለሁ» አለች።

እናትም ወደ ካህኑ ሄዳ፣ «አባቴ ይፍቱኝ፤ ይህችን ልጅ ይገዝቱልኝ። ከንፈሯን ደግማ ከተበሳች ቤቴን እንዳትረግጥ፣ ከቤተ ክርስቲያንም ደጅ እንዳትደርስ ይበሉልኝ» ብላ አለቀሰች። ካህኑ ልጅቱን ጠርተው ቢጠይቋት፣ «አባ፣ እናቴ አንገቷን ተነቅሳለች፤ ግንባሯ ላይ መስቀል አለባት፤ ጆሮዋ በጉትቻ ክብደት ቢቀደድ ከጎኑ ደግማ ተበስታለች። እርሷን ማን ገዘታት?» ብላ መለሰች። ካህኑም የሚመልሱት ቃል ስላጡ «ልገዝታት ወይስ ዝም ልበል?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው የብዙ አባቶችና እናቶች ጥያቄ በመሆኑ በየተራ እንመልከተው።

ስለ አገራችን ልማድ

የልጅቱ አነጋገር ድፍረት ቢኖርበትም እውነት አለው። በደጋው አገራችን ሴት ልጅ በሕፃንነቷ ጆሮዋን በመርፌ ትበሳለች፤ ቀዳዳው እንዳይደፈን ክር ይገባበታል፤ ቅቤ ይቀባል፤ ቁስሉ ሲሽር ሎቲ ወይም ጉትቻ ይንጠለጠልበታል። ጉትቻው ከባድ ሲሆን የጆሮው ጫፍ እየሳሳ ሄዶ ይቀደዳል፤ ያን ጊዜ ጠባሳው ከደረቀ በኋላ ከጎኑ ዳግመኛ ይበሳል። አንገትን መነቀስ፣ በግንባር ላይ መስቀል ማስነቀስ፣ ድድን በመርፌና በጥላሸት ማጥቆር በጎንደርም በሌላውም አገር የቆየ ነው። እነዚህ እናቶች በዚህ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አልተመለሱም፤ እንዲያውም የግንባሩን መስቀል የእምነታቸው ምልክት አድርገው ኖረዋል።

ከንፈርን መበሳትም ቢሆን ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ ነገር አይደለም። በዚህችው በኢትዮጵያ በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት የሙርሲ ሴቶች፣ እንዲሁም ከኦሞ ወንዝ በስተ ምዕራብ ያሉት የሱሪ ሴቶች፣ በዚህ ልማድ የታወቁ ናቸው። የሙርሲ ልጃገረድ ዕድሜዋ ወደ 15 ወይም 16 ዓመት ሲደርስ እናቷ ወይም ሌላ የመንደሩ ሴት የታችኛውን ከንፈሯን ትበሳለች። ቁስሉ እስኪሽር፣ ይኸውም እስከ 3 ወር ያህል፣ በቀዳዳው ውስጥ የእንጨት ውታፍ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ልጅቱ እየሰፋ የሚሄድ ውታፍ እየለወጠች በመጨረሻ የሸክላ ሳሕን ታደርግበታለች፤ ምን ያህል እንዲሰፋ የምትወስነውም ራሷ ናት። ይህ ልማድ ባሪያ ፈንጋዮች ሴቶቹን እንዳይወስዷቸው መልካቸውን ለማጥፋት የተጀመረ ነው እየተባለ ይወራል፤ በመካከላቸው ለብዙ ዓመት የተመራመሩ ሊቃውንት ግን ለዚህ ወሬ ማስረጃ አላገኙለትም። ለሙርሲ ሴት ሳሕኑ ለአካለ መጠን የመድረሷና የክብሯ ምልክት ነው።

ዛሬ ግን ከእነርሱ መካከል ከንፈራቸውን ላለመበሳት የሚመርጡ ልጃገረዶች አሉ፤ ከተበሱም በኋላ በሐኪም እጅ የሚያሰፉ አሉ። እንግዲህ አንዲቱ የተደፈነውን ለማስከፈት፣ ሌላይቱ የተከፈተውን ለማስደፈን ትፈልጋለች። ሁለቱም የሚፈልጉት በሚኖሩበት ሕዝብ ዓይን መከበርን ነው። የእብናቷን ልጅ የምንቆጣ እኛ፣ የሙርሲን ሴት ፎቶግራፍ ለማየት የምንጓጓና የራሳችንን ንቅሳት ጌጥ ብለን የምንጠራ ከሆንን፣ ፍርዳችን ሚዛን የጎደለው ነው።

ስለ መጻሕፍት ምስክርነት

በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 የተጻፈው ሕግ ነው። ሕጉ ስለ ሞተ ሰው ሥጋን መቧጨርንና ገላን መነቀስን ይከለክላል። እንግዲህ ጥቅሱን በቅን ልብ ለሚያነብ ሰው፣ ተግሣጹ ቀድሞ የሚደርሰው ከንፈሯን ወደ ተበሳችው ልጅ አይደለም፤ በለቅሶ ላይ ፊቱን ወደሚነጨውና ገላውን ወደሚነቀሰው ነው። ከንፈርን የሚነካ ቃል ግን በዚያ የለም።

ስለ ጌጥ ደግሞ መጻሕፍት በሁለት ወገን ይናገራሉ። የአብርሃም ሎሌ ለርብቃ የወርቅ ጌጥ ሰጣት፤ ይህም ለበረከት ሆነ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 32 ሕዝቡ ከጆሮአቸው የወርቅ ጉትቻ አውልቀው ለአሮን ሰጡት፤ ከእርሱም ጥጃ ተሠራ። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 35 ያው ሕዝብ ሎቲውንና ቀለበቱን ለድንኳኑ ሥራ በፈቃዱ አመጣ። ወርቁ አንድ ዓይነት ነው፤ የአንድ ሕዝብም ጌጥ ነው። አንዱ ለጣዖት፣ አንዱ ለመቅደስ ሆነ። ከዚህ የምንማረው፣ በጌጥ ነገር የሚመረመረው ብረቱ ሳይሆን ልብ ወዴት እንደሚሄድ መሆኑን ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ሴቶችን ሲመክር የሚያስቀድመው የማይጠፋውን የውስጥ ሰው ጌጥ ነው።

ሐኪሞች ስለሚያስተምሩት

ሥጋ አደራ ከሆነ አደራውን በእውቀት መጠበቅ ግዴታ ነው። ከንፈር ደም የሚበዛበትና በምራቅ ዘወትር የሚርስ ክፍል በመሆኑ አዲስ ቀዳዳ ቀለበቱ በወጣ ጊዜ በጥቂት ቀን፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ሊደፈን ይችላል። በደኅና የተያዘ ቁስል ለመሻር ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ያህል ይፈልጋል። ንጹሕ ባልሆነ መርፌ የተበሳ ሰው ግን ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢና ሲ በሽታ፣ ኤች አይ ቪና መንጋጋ ቆልፍ ሊይዘው ይችላል። በከንፈር ውስጥ ያለው ብረት ጥርስን ይሸርፋል፤ ድድንም እየፈተገ ወደ ኋላ ያሸሸዋል፤ የሸሸ ድድ ደግሞ በራሱ አይመለስም። ኒኬል ያለበት ርካሽ ብረት ቆዳን ያሳክካል፤ ያቆስላልም።

እናቲቱ ያመረቀዘውን ቀለበት ነቅላ ማውጣቷ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ስሕተት ነበረበት። ቀዳዳው ከላይ ሲገጥም መግሉ በውስጥ ሊቋጠር ይችላልና፣ እንዲህ ያለውን ቁስል በቅድሚያ ለጤና ጣቢያ ማሳየት ይሻላል። ትኩሳት ከመጣ ወይም እብጠቱ ከተስፋፋ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ዳግመኛ መበሳት ከመጀመሪያው ይከብዳል። በጠባሳ ላይ ያለው ሥጋ ጠንካራና የማይለጠጥ ነው። ስለዚህ ቁስሉ ከውስጥም ከውጭም ፈጽሞ እስኪሽር፣ 3 ወር ያህል መጠበቅ ይመከራል። ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ በሠለጠነ እጅ፣ በፊቷ በተከፈተ አዲስ መርፌ፣ እንደ ታይታኒየም ባለ ሰውነት በሚቀበለው ብረት ካልሆነ በቀር መበሳት የለባትም።

ለካህኑ የተሰጠ መልስ

እንግዲህ ለእብናቱ ካህን የምንመልሰው እንዲህ ነው። ግዘት የበረታ መድኃኒት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቁስል አይታዘዝም። ለትንሽ ነገር የገዘተ ካህን፣ ነፍስን የሚገድል ኃጢአት ሲመጣ የሚናገረው ቃል ይጎድለዋል። የተገዘተችውም ልጅ ቀለበቱን ትታ አትመለስም፤ ቤተ ክርስቲያንን ትታ ትሄዳለች እንጂ። ያን ጊዜ እናት የወላድ መካን፣ ካህኑም በጉ የጠፋበት እረኛ ይሆናል።

ነገር ግን ዝምታም መልስ አይደለም። የመጀመሪያው መበሳት በባልንጀራ ግፊትና በችኮላ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ሕመሙን ካወቁ በኋላ የሚደረግ ምርጫ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው መደፈኑን እንደ ዕድል እንቁጠረው። ልጅቱን «ለምን ተበሳሽ?» ከማለት ይልቅ «ደግመሽ የምትበሺው ለማን ዓይን ነው?» ብሎ በፍቅር መጠየቅ ይገባል። ጥያቄውን የምትመልሰው ለካህኑ ብቻ አይደለም፤ ለራሷ ነው።

ጊዜም ይሰጣት። ከጥር 11 ቀን እስከ ትንሣኤ ያለው ዘመን እንደ ዓመቱ ቢለያይም ወደ 3 ወር ይጠጋል፤ ሐኪሞችም ለቁስሉ የሚጠይቁት ይህንኑ ያህል ነው። በመካከሉም ዐቢይ ጾም አለ። ካህኑ «ልጄ፣ እስከ ፋሲካ ታገሺ፤ ጾሙን ጹሚ፤ ከዚያ በኋላ አስበሽ ወስኚ» ቢሏት፣ ለሥጋዋም ለነፍሷም የሚሆን አንድ መድኃኒት ሰጧት ማለት ነው። ታግሣ ብትተወው መልካም ነው። ታግሣ ብትበሳው ደግሞ ወደ ቅዱስ ቍርባን ስትቀርብ ቁስሏ የሻረ፣ ቀለበቷም ለጊዜው የወጣ እንዲሆን ይምከሯት፤ ክቡር የሆነው ነገር በብረት ላይ እንዳይቀር ነውና። ይህ የምንሰጠው ምክር ነው እንጂ አዲስ ቀኖና አይደለም። በሩ ግን በሁለቱም መንገድ ክፍት ይሁን።

እናቲቱም ወደ ልጇ ትሂድና ስለ ራሷ ጆሮ ታጫውታት፤ ስንት ዓመት እንደ ነበረች፣ ማን እንደ በሳት፣ ሲቀደድ እንዴት እንዳመማት፣ ለምንስ ደግማ እንደ ተበሳች ትንገራት። ከዚህ ጨዋታ በኋላ ልጅቱ እናቷን ትሰማት ይሆናል፤ ምክር የሚሰማው የመካሪው ቁስል ሲታይ ነውና።

ነቢዩ ኢሳይያስ ከንፈሩ የረከሰ መሆኑን ሲናገር መልአኩ ፍሕም ይዞ መጣ፤ ከንፈሩንም ዳሰሰው እንጂ ከመቅደሱ አላስወጣውም። የከንፈር ንጽሕና የሚመጣው እንዲህ በመቅረብ ነው። እኛም የልጆቻችንን ከንፈር አይተን ከመቅደሱ ከማባረራችን አስቀድሞ፣ ከገዛ ከንፈራችን የሚወጣውን ቃል እንጠብቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።