የሰውነት መልእክተኞችና የካንሰር ሕክምና

ነጭ የደም ሴሎች የሰውነታችን ወታደሮች መሆናቸውን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተምረናል። ታዲያ አፍ የላቸው፣ ጆሮ የላቸው፤ ጠላት መምጣቱን በምን ይነጋገራሉ? በፕሮቲን ነው። አንዱ ሴል ጥቂት ፕሮቲን ያመነጫል፤ ሌላው ተቀብሎ ሥራውን ይጀምራል። እነዚህ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ሳይቶካይን ይባላሉ።

ከእነዚህ አንዱ ኢንተርፌሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን ለንደን ውስጥ በዶሮ ጽንስ ሽፋን ላይ በሙቀት የተዳከመ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ጨመሩ። ሴሎቹ ያወጡት ነገር ሌሎች ሴሎችን ከሕያው ቫይረስ ሲከላከል አዩ። ቆይቶም የአንዳንድ ካንሰር ሴሎችን እድገት እንደሚገታ ታወቀ። ችግሩ መጠኑ ነበር፤ ከብዙ ለጋሾች ደም የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። በ1980 ግን ቻርልስ ቫይስማንና ባልደረቦቹ ዙሪክ ላይ የሰውን ጂን ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው፣ ባክቴሪያው ራሱ ኢንተርፌሮን እንዲሠራ አደረጉ። በ1986 አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ተፈቀደ።

ሁለተኛው ኢንተርሊዩኪን-2 ነው። ቲ-ሴል የሚባሉትን ወታደሮች «ተባዙ!» ብሎ ያዛል። በ1992 ለተሠራጨ የኩላሊት ካንሰር እዚያው አሜሪካ ተፈቀደ። ከ100 ሕመምተኞች በ15 ያህሉ ላይ ዕጢው ቀነሰ፤ ጥቂቶቹም ለብዙ ዓመታት ከካንሰሩ ነጻ ሆነው ኖሩ። የቀሩትስ? አልጠቀማቸውም። ለምን ቢሉ፣ የካንሰር ሴል ከራሳችን ሴል የወጣ ስለሆነ ወታደሮቹ በቀላሉ አይለዩትም። ደግሞም መድኃኒቱ በብዛት ሲሰጥ ፈሳሽ ከደም ሥር ያፈሳል፤ የደም ግፊትን ያወርዳል። ስለዚህ ሆስፒታል ተኝቶ፣ በሐኪም ዓይን ሥር ካልሆነ አይወሰድም።

ዛሬ በአብዛኛው ሌሎች መድኃኒቶች ተክተዋቸዋል። ከእነዚህም የወታደሮቹን ፍሬን የሚያላቅቁት ይገኙባቸዋል፤ ለዚህ ግኝት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ቢሆንም ሰውነት ራሱ ካንሰርን መዋጋት እንደሚችል በሕመምተኛ ላይ ካሳዩት መካከል እነዚህ ሁለቱ መልእክተኞች ይገኙበታል።

እንግዲህ ነገ ክፍል ውስጥ ቤተሰቡ የታመመበት ልጅ «ቲቸር፣ ካንሰር መድኃኒት አለው ወይ?» ይለናል። «የለውም» ብንለው ተስፋውን እንገድላለን፤ «ተገኝቷል» ብንለው እናታልለዋለን። ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም፤ የሚድን አለ፣ የማይድን አለ፤ ብዙውን ጊዜ ቶሎ የታየው ይሻላል። እብጠት ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ እንበለው።

ለመለማመጃ፦
1. ባክቴሪያ የሰውን ፕሮቲን ሊሠራ የቻለው እንዴት ነው?
2. ነጭ የደም ሴሎች የካንሰርን ሴል ለመለየት ለምን ይቸገራሉ?