ይሉኝታ የሸሸገው ሕመም፦ ከደቡብ እስያ የምንማረው



በሕንድና በፓኪስታን በሰፊው የሚነገር አንድ አባባል አለ፤ «ሎግ ክያ ካሄንጌ» ይላል። ትርጉሙም «ሰው ምን ይላል?» ማለት ነው። እኛ በአንድ ቃል «ይሉኝታ» የምንለው መሆኑ ነው። ይሉኝታ ሰውን ከክፉ ሥራ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። በቤት ውስጥ አእምሮው የታወከ ሰው ሲኖር ግን ሕመሙን ያስሸሽጋል፤ ሕመምተኛውንም ያለ ረዳት ያስቀራል። በዚህ ትምህርታችን ይህ ነገር በደቡብ እስያ ሕዝቦች ዘንድ ምን እንዳስከተለና ምን መፍትሔ እንደ ተፈለገለት እንመለከታለን።

1. ሁለት ነገሮችን እንለይ

ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ወይም ስኪዞፍሬንያ ሕመም ነው፤ በሕክምናም ሊሻል ይችላል። ኦቲዝም ወይም ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ግን ከልጅነት ጀምሮ ከሰው ጋር የሚኖር የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው፤ ከሁሉ በፊት የሚሻውም ተስማሚ ትምህርትና ትዕግሥት ነው። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ግን ሁለቱም አንድ ነውር ሆነው ይታያሉ። አፉን ቶሎ ያልፈታ ሕፃን «ወንድ ልጅ ይዘገያል» እየተባለ የመማሪያ ጊዜው ያልፋል፤ ፊደል የሚምታታበትም ሰነፍ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በሕንድ የወጣው «ታሬ ዛሚን ፓር» የተሰኘው ፊልም የሚያሳየው እንዲህ ያለውን ልጅ ነው፤ ችግሩን የተረዳለት አንድ አስተዋይ መምህር ነበር።

2. ለምን ይሸሸጋል?

አንደኛው ምክንያት ጋብቻ ነው። ጋብቻ በቤተሰብ ምርጫ በሚፈጸምበት ስፍራ የአንድ ወንድም ሕመም ቢሰማ የእኅቱ እጮኝነት ሊፈርስ ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ሕመሙ የክፉ መንፈስ፣ የዓይን ወይም ቀድሞ የተሠራ በደል ውጤት ነው የሚለው እምነት ነው፤ ወቀሳውም ብዙውን ጊዜ በእናት ላይ ይወድቃል። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ያነሡት ጥያቄም ይህንኑ የሚመስል ነበር፤ ጌታችን ግን ጥፋቱን በእርሱም ሆነ በወላጆቹ ላይ አላደረገም (ዮሐ. 9)።

እ.ኤ.አ. በ2015–2016 በ12 የሕንድ ክፍላተ ሀገር የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት እንዳመለከተው፣ እንደ ሕመሙ ዓይነት ከ70 እስከ 92 በመቶ የሚሆኑት ሕመምተኞች ሕክምና አያገኙም ነበር። የሐኪም እጥረት አንዱ ምክንያት ነው፤ ይሉኝታም የራሱ ድርሻ አለው።

3. የኤርዋዲ እሳት

በደቡብ ሕንድ በታሚል ናዱ የምትገኘው ኤርዋዲ ሕሙማን ለፈውስ የሚሄዱባት የታወቀች የእስልምና መቃብረ ቅዱሳን ስፍራ ናት። በዙሪያዋ በግለሰቦች የተቋቋሙ የሕሙማን ማቆያዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 2001 በአንደኛው ላይ እሳት ተነሣ። ሕሙማኑ በሰንሰለት ታስረው ስለ ነበር ማምለጥ አልቻሉም፤ 28 ሰዎችም ሞቱ። እነዚህ ሰዎች የሞቱት በሕመማቸው አይደለም፤ ስለ ታሰሩ ነው።

ከዚያ በኋላ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን በራሱ ተነሣሽነት መረመረ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአእምሮ ጤና ሕግም ሕመምተኛን በማናቸውም መንገድ በሰንሰለት ማሰርን ከለከለ፤ ሕክምና ማግኘትም የእያንዳንዱ ሰው መብት መሆኑን ደነገገ።

4. ጸሎትና መድኃኒት

በጉጃራት፣ ኡናቫ በምትባል መንደር በሚገኝ ሌላ የጸሎት ስፍራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 «ዳቫና ዱዓ»፣ ማለትም «መድኃኒትና ጸሎት»፣ የተባለ ሥራ ተጀመረ። የስፍራው አገልጋዮች ለሚመጡት ሰዎች ይጸልያሉ፤ የሕመም ምልክት ያዩበትንም በዚያው ቅጥር ግቢ ወዳለው ሐኪም ይልካሉ። ማንም እምነቱን እንዲተው አይጠየቅም። ቤተሰቡም ሐኪም ቤት መሄድን እንደ ውርደት ሳይሆን እንደ ጸሎቱ ተከታይ አድርጎ ይቀበለዋል።

በጎዋ እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው «ሳንጋት» የተባለው ድርጅትም ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢውን ሰዎች እያሠለጠነ፣ የተጨነቁትን እንዲያዳምጡና እንዲያማክሩ አድርጓል። ይህ ለካቴኪስቶች ትልቅ ትምህርት ነው፤ ማዳመጥ የሐኪም ብቻ ሥራ አይደለምና።

5. ለእኛስ?

በእኛም ሀገር ሕመምተኛን በቤት መሸሸግና ማሰር ያልታየ ነገር አይደለም። ጠበልና መድኃኒት አብረው አይሄዱም የሚልም ብዙ ነው። ስለዚህ በቁምስናችን ሦስት ነገሮችን እናድርግ። «እብድ» የሚለውን ቃል ከአንደበታችን እናርቅ። ለትምህርት የሚዘገየውንም ልጅ ከክፍል አናስወጣው። ጸሎት ሽቶ የመጣውን ቤተሰብ ደግሞ ከጸሎቱ ጋር ወደ ሐኪም እናድርሰው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በአካባቢያችን ይሉኝታ ሕመምን የሚሸሽገው በምን መንገድ ነው?
ለ. በትምህርት ክፍላችን እንደ ሰነፍ የተቆጠረ፣ ነገር ግን ሌላ ዓይነት አቀራረብ የሚያስፈልገው ልጅ ይኖር ይሆን?
ሐ. በቤቱ የተሸሸገ ሕመምተኛ እንዳለ የምናውቀውን ቤተሰብ ሳናሳፍር እንዴት እንጎብኘው?