ከዝንብ ዓይን እስከ መተማ ወባ

የሳይንስ ተማሪዎች ስለ ፍሬ ዝንብ ሲከራከሩ ሰምተን «ይህ ለሰው ምን ይረባል?» የምንል የአርትስ ተማሪዎች ጥቂቶች አይደለንም። መልሱ መተማ ቈላ ውስጥ ይገኛል።

በ1910 እ.ኤ.አ. ቶማስ ሃንት ሞርጋን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ቀይ ዓይን ካላቸው ዝንቦቹ መካከል አንድ ነጭ ዓይን ያለው ወንድ አገኘ። ከባለ ቀይ ዓይን ሴት ጋር ቢያዳቅለው ልጆቹ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ቀይ ዓይን ሆኑ። እነዚህን እርስ በርሳቸው ባዳቀለ ጊዜ ግን ነጩ ዓይን ተመለሰ፤ 2,459 ቀይ ሴቶች፣ 1,011 ቀይ ወንዶችና 782 ነጭ ወንዶች ተቈጠሩ። ነጭ ሴት አንዲትም አልነበረችም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሴቷ ኤክስ የተባለው ክሮሞሶም ሁለት አላት፤ ወንዱ ግን አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ብቻ አለው። የዓይኑ ቀለም ጂን ያለው በኤክስ ላይ ነው። ሴቷን አንዱ ቢጐድልባት ሁለተኛው ይሸፍንላታል፤ ወንዱ መሸፈኛ የለውም።

አሁን ወደ መተማ እንውረድ። በሰሊጥና በማሽላ አዝመራ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ወባ ይጠብቀዋል። ቪቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ያገረሻል፤ ከሥሩ የሚነቅለው ፕሪማኪን የተባለው መድኃኒት ነው። ነገር ግን ጂ6ፒዲ የተባለው ኤንዛይም የጐደለው ሰው ይህን ሲውጥ ቀይ የደም ሕዋሶቹ ይፈርሳሉ፤ ሽንቱ ይጠቍራል፤ ሕይወቱም ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። የዚህ ጉድለት ጂንም እንደ ዝንቡ ዓይን በኤክስ ላይ ነው። እንግዲህ ስሌቱ ይህ ነው፦

1ኛ/ እናት በአንዱ ኤክስ ጉድለቱን ብትሸከም፣ አባት ነጻ ቢሆን፣ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ ጉድለቱን፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅም ተሸካሚነቱን የመውረስ ዕድላቸው እኩሌታ ነው።

2ኛ/ አባት ጉድለቱ ቢኖርበት፣ እናት ነጻ ብትሆን፣ ወንዶቹ ሁሉ ነጻ፣ ሴቶቹ ሁሉ ተሸካሚዎች ይሆናሉ።

እኛ በአባት ስም የምንጠራ ሰዎች ነን፤ ይህ ጉድለት ግን ለወንድ ልጅ የሚደርሰው በእናቱ በኩል ነው። ስለዚህ የታመመውን ወጣት «መድኃኒቱ አባትህን ጐድቶት ያውቃል?» ከማለት «አጐትህን፣ የእናትህን ወንድምስ?» ማለት ይሻላል።

ሆኖም ሰው እንደ ዝንብ ዓይን አይደለም፤ ተሸካሚዋ ሴትም በከፊል ልትጐዳ ትችላለች። ስሌት ዕድልን ይነግራል እንጂ ያንን አንድ ሰው አያውቀውም። እርሱን የሚለየው የደም ምርመራ ነው፤ ይኸውም ክኒኑ ከመዋጡ በፊት።